ቅርጫና ቁጠባ

ገንዘብን ማግኘት አንድ ጥበብ ነው፤ ያገኙትን ገንዘብ በአግባቡ ማዋል ግን ከዚያ የሚበልጥ ጥበብ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ለመማር ሲደክም ይኖራል፤ ሁለተኛው ግን ማንም ሳያስተምረው በራሱ የሚመጣ እየመሰለው ቸል ይለዋል። ስለዚህ ደመወዙ ወይም የእህሉ ዋጋ ሳያንሰው፥ በዓል ባለፈ ማግስት እጁ ባዶ የሚሆንና ዕዳ የሚቆጥር ሰው ጥቂት አይደለም። ከበዓል ወጪም ሁሉ ይልቁን ቤትን የሚያናጋው የሥጋ ወጪ ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር አዲስ ቅዳምን መመልከት ይበቃል። አዲስ ቅዳም በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ሁና ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ስሟም ራሱ የገበያን ቀን የሚያሳስብ ነው። በዙሪያዋ ያለው ደጋ ገብስና ድንች የሚያበቅል፥ ከብት የሚያረባ አገር ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ወገን ዛፍ ብዙውን ማሳ ሸፍኖታል፤ ከሰሉም ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል።

እንግዲህ በዚህ አገር ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። ዛፍ የተከለ ገበሬ ዋጋውን የሚያገኘው አራትና አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ ባንድ ጊዜ ነው። የመንግሥት ሠራተኛና መምህር የሚያገኙት በየወሩ ነው። የቀን ሠራተኛና ጠላ ሽጣ የምታድር ሴት የሚያገኙት በየዕለቱ ነው። በዓል ግን የማንንም ገቢ አይጠብቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ለሁሉም ባንድነት ይደርሳል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሥጋ የሚገዛበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከሥጋ ቤት በኪሎ እያስመዘኑ መግዛት ነው፤ ሁለተኛው ጎረቤት ከጎረቤት ተማክሮ አንድ በሬ በቁሙ ገዝቶ በቅርጫ መካፈል ነው። በኪሎ የሚገዛ ሰው የሥጋውን ዋጋ ብቻ አይከፍልም፤ የነጋዴውን ትርፍ፥ የቤቱን ኪራይ፥ የአራጁንና የሻጩን ደመወዝ፥ ሳይሸጥ ያደረውን ሥጋ ኪሣራ ጭምር ይከፍላል። ይህም ነጋዴው በግፍ የሚያደርገው አይደለም፤ ሥራው የሚጠይቀው ወጪ ነው። ቅርጫ የገባ ሰው ግን ይህን ሁሉ በገዛ ጉልበቱና ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ባለው እምነት ይተካዋል።

የቅርጫም ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ቅርጫ የሚገቡት ሰዎች አስቀድመው ከመካከላቸው ከብት የሚያውቅና ታማኝ የሆነ ሰው መርጠው ወደ ገበያ ይልካሉ። እርሱም በጥርሱ የበሬውን ዕድሜ፥ ሻኛውንና ጎድኑን ዳብሶ ጮማውን፥ ዓይኑንና አካሄዱን ተመልክቶ ጤንነቱን ከመረመረ በኋላ ይዋዋላል። በሬው በበዓሉ ማለዳ ይታረዳል። ከተገፈፈም በኋላ ሥጋው በንጹሕ ቅጠል ወይም በሰሌን ላይ መደብ በመደብ ይደለደላል፤ ከሽንጡም ከዳቢቱም፥ ከጎድኑም ከፍሪምባውም፥ ከጉበቱና ከጨጓራው ሳይቀር ለእያንዳንዱ መደብ እኩል እየተቆረጠ ይጨመርለታል። ድልድሉ ሲያልቅ ሽማግሌዎች ዞረው አይተው፥ ከበዛው አንሥተው ባነሰው ላይ ይጨምራሉ። በመጨረሻም ባለድርሻው ሁሉ እንጨት ወይም ጠጠር ለምልክት ይሰጥና፥ ምልክቱ የማን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። ሁሉም ዕጣው የወደቀበትን መደብ ያለ ክርክር አንሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ፍርድ አለ። ሥጋውን የሚደለድለው ሰው የራሱ መደብ የትኛው እንደሚሆን አያውቅምና ሁሉንም እኩል ለማድረግ ይገደዳል። በሥጋ ቤት መልካሙን ብልት የሚወስደው ገንዘብ ያለው ወይም የነጋዴው ወዳጅ ነው፤ ዘግይቶ ለመጣ ደሀ የሚቀርለት አጥንትና ጅማት ነው። በቅርጫ ግን ሹሙና ሸማኔው፥ መሪጌታውና ዘበኛው ከአንድ በሬ፥ ከአንድ ዓይነት ብልት እኩል ይደርሳቸዋል። ዕጣ ፊት አይቶ አያዳላምና።

ይህም አሳብ ለመጻሕፍት ሰዎች እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 12 የፋሲካው በግ ሲታዘዝ፥ ቤተ ሰቡ ጥቂት የሆነበትና በጉን ሊጨርስ የማይችል ሰው ከቅርብ ጎረቤቱ ጋራ በነፍሶቹ ቍጥር ልክ እንዲካፈል ተደንግጓል። ስለዚህ የበዓልን ሥጋ ከጎረቤት ጋራ መካፈል ከድህነት የመጣ ዘዴ ብቻ ሳይሆን፥ ምንም እንዳይባክን የሚጠብቅ ጥንታዊ ሥርዓት ነው ማለት ነው።

ነገሩ በቍጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። የአንድ በሬ ሥጋ ከነአጥንቱ ቢመዘን በቁሙ ከነበረው ክብደት ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ 150 ኪሎ ያህል ሥጋ ከነአጥንቱ ይሰጣል። 12 ቤት ሁነው ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ ቤት 12 ኪሎ ተኩል ይደርሰዋል፤ ጉበቱ፥ ጨጓራውና ምላሱ ከዚህ በላይ ነው። ለሒሳብ ማሳያ ያህል የበሬው ዋጋ 60,000 ብር ነው ቢባል፥ የአንዱ ቤት ድርሻ 5,000 ብር ይሆናል፤ የአንዱ ኪሎ ዋጋም 400 ብር ይወጣዋል። የበሬ ዋጋ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል፤ የአከፋፈሉ ሥርዓት ግን አይለወጥም። ማንም አባወራ በገበያ የሰማውን የበሬ ዋጋ በዚህ ዓይነት ከፍሎ፥ የሥጋ ቤቱ ኪሎ ከሚጠራበት ዋጋ ጋራ ቢያስተያየው የትኛው እንደሚሻለው ራሱ ይፈርዳል።

ነገር ግን ከዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ቅርጫ ለመግባት ባንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህን ርካሽ መንገድ የሚጠቀሙበት ከፍ ያለ ገንዘብ ባንድነት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ባንድ ጊዜ 5,000 ብር ለማውጣት የማይችል ሰው፥ ወይም ባሏ የሞተባት ሴት፥ አንድ ኪሎና ግማሽ ኪሎ እያሉ በውድ ዋጋ ይገዛሉ። እንዲህ ሲሆን ከሁሉ የሚያንስ ገቢ ያለው ሰው ለአንዱ ኪሎ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። አንዳንዱም ከጎረቤት እንዳላንስ ብሎ በወለድ ይበደርና ለአንድ ቀን ማዕድ የብዙ ወር ዕዳ ይሸከማል። በብድር የተበላ ሥጋ ጣዕሙ በአፍ ሳያልቅ ዕዳው በደጅ ይቆማል።

የዚህ መድኃኒት ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም፤ ሕዝቡ ራሱ በዕቁብና በዕድር ሲሠራበት የኖረ ነው። ከላይ በተነገረው ማሳያ 5,000 ብር ባንድ ቀን ማውጣት ያቃተው ሰው በየወሩ 500 ብር ቢያስቀምጥ በ10 ወር ይሞላለታል። በአዲስ አበባ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ሠራተኞች ከደመወዛቸው በየወሩ እያዋጡ ለበዓል በሬ የሚገዙበት ልማድ አለ። በጉራጌም አገር ለመስቀል በዓል ወንዶቹ ለበሬው ገንዘብ፥ ሴቶቹ ደግሞ ቅቤ አስቀድመው ያጠራቅማሉ። በአዲስ ቅዳምም ገበሬው ከዛፉ ዋጋ፥ ሠራተኛው ከወር ደመወዙ፥ ነጋዴዋ ከገበያ ቀን ትርፏ ላይ እያነሡ እንደ ዐቅማቸው ቢያስቀምጡ፥ በዓል የሚመጣው እንደ ባለዕዳ ሳይሆን እንደ እንግዳ ይሆናል። ሙሉ መደብ የማይችሉ ሁለት ቤቶችም አንዱን መደብ እኩሌታ እኩሌታ ቢካፈሉ ነውር የለበትም።

የሚገዛበትንም ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። ገዢው ሁሉ በበዓሉ ዋዜማ ባንድነት ወደ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይንራል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚህ ጊዜ የሥጋ ፈላጊ ጥቂት ነው። ለፋሲካ የሚታረደውን በሬ በጾሙ ወራት መካከል ገዝተው፥ ገለባና አተላ እየሰጡ ተራ በተራ የሚቀልቡት ማኅበርተኞች ከዋዜማው ግርግር ይድናሉ። ፋሲካም ለቅርጫ ከሌሎች በዓላት ይልቅ የተመቸ ነው፤ ከእርሱ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀኖች የረቡዕና የዓርብ ጾም ስለሌለ፥ የተገዛው ሥጋ በጾም ምክንያት አይበላሽም። በሌላው ጊዜ ግን ብዙ ሥጋ ገዝቶ በማግስቱ ረቡዕ የሚሆንበት ሰው፥ የሚያስቀምጥበትን አስቀድሞ ካላሰበ የቆጠበው ገንዘብ በሽታ ሁኖ ይጣልበታል።

ማስቀመጫውም ታውቆ የኖረ ነው። ከቀይ ሥጋ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ የሚበልጠው ውኃ ነው፤ የሚያበላሸውም ረቂቅ ተሐዋሲ የሚራባው በዚህ ውኃ ነው። የቤት እመቤት ሥጋውን በቀጭኑ ዘልዝላ፥ ጨውና በርበሬ ነስንሳ፥ ነፋስና ጭስ በሚያገኘው ቦታ ስትሰቅለው ውኃው ይወጣና ቋንጣ ይሆናል። አዊ ዝናብና ጉም የሚበዛበት አገር ስለ ሆነ ዝልዝሉ ወፍራም ከሆነ ሳይደርቅ ይሸታልና፥ ማቅጠንና ከምድጃው በላይ መስቀል ይገባል። አጥንቱና ጨጓራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢበላ፥ ቀዩ ሥጋ ለቋንጣ ቢቀመጥ፥ የአንድ ቀን ድግስ የነበረው የብዙ ሳምንት ወጥ ይሆናል። ባንድ ቀን ጠግቦ በማግስቱ ወደ ሥጋ ቤት የሚመለስ ሰው ግን በጅምላ ገዛ እንጂ ቆጠበ አይባልም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ነገር ርካሽነትንና ቁጠባን አንድ አድርጎ ማየት ነው። በሬው ታሞበት ሳይሞት ሊያተርፈው የሚፈልግ ሰው በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ዋጋው መርከሱን እንጂ ምክንያቱን የማይጠይቁ ሰዎችም ፈጥነው አርደው ይካፈላሉ። በዚህ መንገድ አባ ሰንጋ የሚባለው ክፉ በሽታ ከበሬው ወደ ሰው ይተላለፋል። ይህ በሽታ የነካው ሥጋ በማብሰል ደኅና ይሆናል ብሎ መተማመን አይገባም፤ የሚያርደውና የሚገፈው ሰው እንኳ ሳይበላው በእጁ ቍስል ሊይዘው ይችላል። ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ ድንገት የሞተ ወይም ሊሞት ያጣጣረ፥ ከአፍንጫውና ከአፉ ደም የወጣው ከብት አይታረድም፤ አይከፈትም፤ ለእንስሳት ሐኪም ተነግሮ በጥልቅ ይቀበራል እንጂ።

ከአባ ሰንጋ ሌላ ቀስ ብሎ የሚጎዳም አለ። የኮሶ ትል እንቍላል ያለበትን ሣር የጋጠ በሬ በሥጋው ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ነጫጭ ከረጢቶች ይይዛል፤ ይህን ጥሬ የበላ ሰው በሆዱ ውስጥ ብዙ ክንድ የሚረዝም ትል ያሳድጋል። ያ ሰው ደግሞ በሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ሣሩን መልሶ ያበላሸዋል። የሥጋ መርማሪ ይህን ለማግኘት ምላሱን፥ ልቡን፥ የመንጋጋውንና የወርቹን ሥጋ ሠንጥቆ ያያል፤ ሳንባውን ስለ ነቀርሳ፥ ጉበቱንም በረግረግ ሣር ስለሚገኘው የጉበት ትል ይመረምራል። በዛፍ ሥር በሚደረግ ቅርጫ ግን ይህን የሚያይ የሠለጠነ ዓይን ብዙ ጊዜ የለም። ለመድኃኒትና ለሐኪም የሚወጣው ገንዘብ፥ ከሥራ የሚቀሩበትም ቀን ሲቆጠር በሥጋው ተረፈ የተባለው ሁሉ ይጠፋል።

መልካም ሥርዓት ካለው ግን በማኅበር መግዛት ከአደጋ ሊጠበቅ እንደሚችል የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስረዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፥ በካናዳና በአሜሪካ ገጠር ማቀዝቀዣ ያልነበራቸው ገበሬዎች ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 24 ቤተ ሰብ ሁነው የሥጋ ማኅበር ያቋቁሙ ነበር። በበጋው ወራት በየሳምንቱ የአንዱ አባል ከብት ይታረዳል፤ ሁሉም ይካፈሉታል። በዚህ ሳምንት ከፊተኛው እግር የደረሰው ሰው በሚመጣው ሳምንት ከኋለኛው እንዲደርሰው በመዝገብ ይጻፋልና፥ ወራቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤት የአንድ ሙሉ ከብት ብልት በየተራው አግኝቶ ይገኛል። ማረጃ ቤት ሠርተው አንድ አራጅ የሚቀጥሩም ነበሩ። ማኅበሩ የቀረው የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ወደ ገጠሩ ከገባ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ቅርጫ በዕጣው ፍርድ ከዚህ ማኅበር አያንስም፤ የሚያንሰው በማረጃው ቦታና በመዝገቡ ነው።

የከብት በሽታ የአንድ ቤት ጉዳይ እንዳይደለ ኢትዮጵያ በመከራ የተማረች አገር ናት። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የአገሩን ከብት አብዛኛውን ፈጅቶ፥ የሚያርስ በሬ ታጥቶ፥ ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረኃብ ሆነ። ያ በሽታ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የታወጀው ከብዙ ክትባትና ቁጥጥር በኋላ በ2003 ዓ.ም. ነው። ይህም መንግሥታት፥ ሐኪሞችና ከብት አርቢዎች ባንድነት ሲሠሩ ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው ያሳያል።

ስለዚህ የወረዳና የከተማ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። ቅርጫን መከልከል ጥቅም የለውም፤ ሕዝቡ በስውር ያርዳልና። የሚጠቅመው ቅርጫን በሥርዓት ማድረግ ነው። በታላላቅ በዓላት ዋዜማና ማለዳ በየቀበሌው ውኃ ያለበት፥ መሬቱ በሲሚንቶ የተለሰነ፥ በሬው የሚሰቀልበት እንጨት የቆመለት አንድ የታወቀ ማረጃ ቦታ ቢዘጋጅ፤ የእንስሳት ሐኪምም በዚያ ተገኝቶ በሬውን ከመታረዱ በፊት በቁሙ፥ ከታረደ በኋላ በሥጋው ቢመረምር፥ ሕዝቡ ራሱ ወደዚያ ይመጣል። የምርመራውም ዋጋ ለ12 ቤት ሲከፈል ከባድ አይሆንም። ቆዳው ሳይበሳ ተገፎ ባንድ ቦታ ቢሰበሰብ ደግሞ ለፋብሪካ የሚበቃ ዕቃ ይሆናልና፥ ዋጋው ከበሬው ዋጋ ይቀነሳል። በየስፍራው የሚጣለው ፈርስና አጥንት ውሻና ጅብ መጥራቱም ይቀራል።

የካህናት ፈንታ ደግሞ ከዚህ አያንስም። ሕዝቡ የንስሐ አባቱን ቃል ከአዋጅ ይልቅ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። በቅበላ ሰሞን፥ በሰሙነ ሕማማትም በፊት፥ የታመመ ከብት ሥጋ ለጎረቤት ማካፈል ነፍስን እንደ መጉዳት መሆኑን፥ በወለድ ተበድሮ መደገስም በዓልን ማክበር እንዳይደለ ቢያስተምሩ ትምህርታቸው በቶሎ ፍሬ ያፈራል። ነህምያም በምዕራፍ 8 እንደሚነገረው፥ ሕዝቡ በተቀደሰው ቀን የሰባውን ሲበላ ምንም ላልተዘጋጀለት ሰው ድርሻ እንዲልክ ታዝዟል። 12 ቤት የሚካፈሉት ማኅበርተኞች ሥጋውን 13 መደብ አድርገው አንዱን መደብ ለነዳያን ቢያወጡ፥ ከየቤቱ የሚጎድለው አንድ ኪሎ አይሞላም። በጾም ከማዕድ የቀረው ለምጽዋት ይሁን ተብሎ የሚሰጠው ትምህርትም በሥራ የሚገለጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

እንግዲህ ቁጠባ ማለት ብዙ ሥጋ በጥቂት ገንዘብ ማግኘት ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ማጠራቀም፥ ከጎረቤት ጋራ መተማመን፥ ጤናማውን መርጦ መግዛት፥ ያገኙትንም ሳያባክኑ መጠበቅ ነው። ቅርጫ እነዚህን ሁሉ ባንድነት ይዞ የኖረ ያባቶች ሥርዓት ነው፤ የጎደለው መዝገብ፥ ማረጃ ቦታና መርማሪ ብቻ ነው። ይህ ሲሟላለት፥ በአዲስ ቅዳምም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ባሏ የሞተባት ሴት ከሹሙ ጎን ቁማ ጠጠሯን ትሰጣለች፤ ዕጣዋ የወደቀበትንም ንጹሕ መደብ ያለ ዕዳና ያለ ስጋት ይዛ ወደ ልጆቿ ትገባለች።